አራት ኤሊዎች፣ አንድ የኩሽና ሚዛን

ሴፕቴምበር 28

የጎረቤቴ ትልቅ ኤሊ በጁን አጥር ሥር ቆፍራ የቀበረችው እንቁላል ተፈለፈለ። ሰውዬው ጫጩቶቹን ካርቶን ውስጥ ጭኖ በየቤቱ በር እያንኳኳ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ይህን ዘር የሚሰጥ እንጂ የሚቀበል አይገኝም። ዛሬ መዳፍ ላይ የምትቀመጠው ነገ 40 እና 50 ኪሎ ሆና የቤት መሠረት ሥር ጉድጓድ ትቆፍራለች። ባለቤቴ ልጃችንን "ሁለት ብቻ" ብላት ነበር፤ ልጄ አራት ይዛ ገባች።

ዘራቸው ሱልካታ ይባላል። የትውልድ ቦታው ከሴኔጋል ተነስቶ በሰሃራ ደቡባዊ ጠርዝ እስከ ኤርትራና ኢትዮጵያ የሚደርሰው ደረቅ መሬት ነው። ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛው ትልቅ የየብስ ኤሊ ነው። እዚያ በዱር እየጠፋ ነው፣ እዚህ ጓሮ ሞልቷል። የአገሬን ኤሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ኔቫዳ መሆኑ ይገርመኛል።

የጎረቤቴ ኤሊ ቅርፊቷ ተራራ ተራራ ነው፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ ለብቻው ወደ ላይ ጉብ ብሏል። ለምን ብዬ ስጠይቀው "ፕሮቲን አብዝቼባት ነው" አለኝ። ሁሉም ይህንኑ ነው የሚለው። አራት ጫጩት ካሉ ለሁለት ከፍሎ ማየት ይቻላል አልኩ።

ኦክቶበር 4

ተጀመረ። ልጄ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ እና ቅንጬ ብላቸዋለች። እንዳይምታቱ ጀርባቸው ላይ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም አደረግን፤ የእናቷ ነው፣ እስካሁን አልነቃችም። በዚህ ዕድሜ ጾታቸው አይለይም፣ እኔ ሁሉንም "እሷ" እላለሁ።

ክብደት በኩሽና ሚዛን፦ ምስር 34 ግራም፣ ክክ 36፣ ሽሮ 35፣ ቅንጬ 31።

ክብደት ብቻውን ስለማይበቃኝ ርዝመት፣ ወርድና ቁመትም በካሊፐር እወስዳለሁ። ሦስቱን አባዝቼ ኤሊዋ ልክክ ብላ የምትገባበትን ሳጥን መጠን አገኛለሁ፤ ክብደቷን ለዚያ ሳካፍል ምን ያህል "የሞላች" እንደሆነች ይነግረኛል። ምስር 4.8 በ4.3 በ2.8 ሴንቲ ሜትር ነች፤ ሲካፈል 0.59 ይመጣል። የበረሃ ኤሊ የሚያጠኑ ሰዎችም በዚህ ዓይነት ስሌት ነው የሚጠቀሙት።

ሳጥን ሀ (ምስርና ክክ) ወለል ላይ ነው። ድመታችን እንዳትደርስባቸው ከላይ የድሮ አኳሪየም መስታወት ከደንኩበት፣ መብራቱ ከመስታወቱ በላይ ነው። ሳጥን ለ (ሽሮና ቅንጬ) መደርደሪያ ላይ፣ ክፍት። ሁለቱም መብራቶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሙቀትም ዩቪቢ የሚባለውን ጨረርም ይሰጣሉ።

ኦክቶበር 6

ስለ ምግቡ።

የምሠራው ሆቴል ኩሽና ውስጥ፣ የቀዝቃዛ ምግብ ክፍል ነው። በቀን የሚጣለው የሮሜይን ሰላጣ ቅጠል ፈረስ ያጠግባል። ሼፋችንን አስፈቅጄ አንድ ከረጢት ይዤ እወጣለሁ። ሳጥን ሀ የሚበላው ይህንን ነው፤ በዚያ ላይ በውሃ የራሰ እንክብል መኖ፣ እስኪጠግቡ። ሳጥን ለ ሣር፣ የጓሮ አረም፣ እዚህ ኮላርድ የሚሉት የእኛ ወጥ ጎመን፣ እሾሁ የተላገ የበለስ ቅጠል። የበለሱን ቅጠል የሜክሲኮዎች ገበያ ጠርጎ ይሸጠዋል።

ሰላጣ "ውሃ ብቻ ነው" ሲባል እሰማ ነበር። አስልቼ ደነገጥኩ። ከ100 ግራም ሮሜይን ወደ 95 ግራሙ ውሃ ነው፣ እውነት ነው። በቀረው 5 ግራም ተኩል ያህል ደረቅ ነገር ውስጥ ግን 1.2 ግራሙ ፕሮቲን ነው፤ ከአምስት አንድ በላይ መሆኑ ነው። ሣር ደርቆ ሲመዘን አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ግማሽ ያህል ነው ያለው። ስለዚህ ሳጥን ሀ በፕሮቲን ባለጠጋ ነው፣ እንክብሉን ሳንቆጥር።

ካልሲየሙ ደግሞ በተቃራኒው። ኤሊ ከፎስፈረሱ ይልቅ ካልሲየሙ ቢያንስ እጥፍ እንዲሆን ይመከራል፣ ቅርፊቷ አጥንት ነውና። በ100 ግራም ሮሜይን ውስጥ ካልሲየሙ 33 ሚሊ ግራም፣ ፎስፈረሱ 30 ነው፤ እኩል ለእኩል ማለት ይቻላል። ኮላርድ ጎመን 232 ለ25። የበለስ ቅጠል 164 ለ16። ባለቤቴ "ለእኛ ያልተረፈውን ጎመን" ብላ ስትጀምር ይህን ቁጥር አነበብኩላት። "ጎመን በጤና" ብላ ተወችኝ።

ኦክቶበር 12

ሚዛን ይዋሻል። ጫጩቶቹን በየቀኑ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እናስቀምጣቸዋለን፣ እንዲጠጡ። ዛሬ ክክን ከመታጠቧ በፊት መዘንኳት፣ 41። ከታጠበች በኋላ 45። ልጄ ልትስማት ስታነሳት እጇ ላይ ሸናች፣ 42። በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሁለት ሳምንት እድገት መጥቶ ሄደ ማለት ነው። የየብስ ኤሊ ፊኛዋ የውሃ ጎተራ ነው፤ በደረቅ አገር የምትኖረው በእሱ ነው።

ከእንግዲህ እሑድ ጠዋት፣ ከምግብም ከውሃም በፊት ብቻ። ያለፉትን ሁለት መዝገቦች ሰረዝኳቸው።

ኦክቶበር 19

አንድ ዘመዳችን ሊጠይቀን መጥቶ የደረቀ ሽሪምፕ ይዞ ገባ፣ ቆርቆሮው ላይ የኤሊ ሥዕል ስላየ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በአማርኛችን የኩሬውንም የሜዳውንም አንድ ላይ "ኤሊ" ነው የምንለው። የኩሬዎቹ፣ ለምሳሌ ከዓይኗ ጀርባ ቀይ መስመር ያላት ሱቅ የምትሸጠዋ፣ በልጅነታቸው ትል፣ ነፍሳትና ትንንሽ ዓሣ ይለቅማሉ፤ እያደጉ ሲሄዱ ወደ ተክል ያዘነብላሉ። ጫጩት ሳለች ቅጠል ብቻ ብትሰጣት እድገቷ ይጓተታል። ሱልካታ ግን ከእንቁላሏ ወጥታ ሣር ነው የምትፈልገው። አንጀቷ ረጅም ጊዜ ይዞ የሚያብላላ ነው፤ የከብት ጨጓራ የሚሠራውን እሷ በትልቁ አንጀቷ ትሠራዋለች።

ሽሪምፑን ድመቷ በላች።

ኖቬምበር 1

ምስር 52፣ ክክ 50፣ ሽሮ 41፣ ቅንጬ 36። ሳጥን ሀ እየፈጠነ ነው፣ እንደጠበቅኩት። ሰሌዳዎቹ መሃል ነጣ ያለ አዲስ መስመር ወጥቷል። ልጄ መስመሮቹን ቆጥራ ዕድሜያቸውን ልታውቅ ፈለገች። መስመር የዓመት ሳይሆን የእድገት ግስጋሴ ምልክት ነው፤ በደንብ የበላች በአንድ ዓመት ብዙ ታወጣለች።

ኖቬምበር 15

ሣሩ በብርድ ደረቀ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የፈረስ መኖ መሸጫ ሄጄ ድርቆሽ ልገዛ ስል ግድግዳው ላይ የዋጋ ሰሌዳ አነበብኩ፦ አልፋልፋ፣ ቤርሙዳ፣ ቲሞቲ፣ ጤፍ።

ጤፍ! ሻጩ ስኳሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለወፈሩ ፈረሶች ይመረጣል አለኝ። እኔ ከየት እንደመጣ ልነግረው ጀመርኩ፣ ወረፋ ስለነበር አልጨረስኩም። አንድ እስር መኪናዬ ውስጥ አስገባሁ፤ እስከ ዛሬ መቀመጫው ሥር ይሸታል፣ የምንጃር አውድማ የሚሸተውን።

ይህ ጭድ አይደለም። ጭድ እህሉ ከተወቃ በኋላ የሚቀረው ነው፣ ጉልበቱ ወደ ፍሬው ሄዷል። ይህ ፍሬ ሳይቋጥር፣ በአረንጓዴው ታጭዶ የደረቀ ነው። ሻጩ የሰጠኝ የምርመራ ወረቀት ፕሮቲኑን 11 በመቶ ይለዋል። ጫጩቶች ረጅሙን መቁረጥ ስለማይችሉ በቡና መፍጫ ፈጭቼ ከራሰ ጎመን ጋር አሽቼ ሰጠኋቸው። ቅንጬ አሸተተችና ዞረች። ሽሮ በላች።

እናቴ ስትደውል ነገርኳት። ዝም አለች። ቆይታ "ከብት የላችሁም?" አለችኝ።

ዲሴምበር 6

የተገላቢጦሽ ሆነ።

ክብደቱ እንደ ግምቴ ነው፦ ምስር 88፣ ክክ 81፣ ሽሮ 49፣ ቅንጬ 42። ጉብታ የወጣባቸው ግን ሽሮና ቅንጬ ናቸው! ሣር በሊታዎቹ፣ ቀስ ብለው ያደጉት። የጀርባቸው ሰሌዳ መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ጎድጎድ ብሏል፣ በጣት ይታወቃል። በፕሮቲን የጠገቡት የሳጥን ሀ ልጆች ጀርባቸው እንደ እንቁላል ለስላሳ ነው።

ስሌቴም ተዛባ። ሽሮ 0.55 ወጣች፤ የከሳች መሰለኝ። ከዚያ ነቃሁ፦ ጉብታው ቁመቷን ሲጨምረው ሳጥኑ ይተልቃል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ባዶ ጉብታ እየለካሁ ነበር።

ዲሴምበር 8

ከሥራ መልስ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በ2003 ቪዝነርና ኢበን የተባሉ ኦስትሪያ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ አለ። 50 የሱልካታ ጫጩቶችን ለ5 ወር በተለያየ የአየር እርጥበትና በተለያየ የፕሮቲን መጠን አሳደጉ። ለጉብታው ዋናው ምክንያት የአየሩ ድርቀት ሆኖ ተገኘ፤ የፕሮቲኑ ተጽዕኖ ትንሽ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው፤ ጎረቤቴም እኔም ያልሰማነው።

ዛሬ የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ በሁለቱም ሳጥኖች አስቀመጥኩ። ሀ፣ መስታወት የተከደነው፦ 78 በመቶ። ለ፣ ክፍቱ፣ መደርደሪያ ላይ፣ ለካ ከላዩ የማሞቂያው አየር ማውጫ አለ፦ 19 በመቶ። ወለሉም ደረቅ ድርቆሽ ነው።

ምግብ እያወዳደርኩ መስሎኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሳወዳድር የነበረው ክዳን ያለውንና የሌለውን ነው። ሣር በሊታ በረሃ ውስጥ ትኖራለችና ደረቅ አየር ይስማማታል ብዬ አስቤ ነበር መሰለኝ። ጫጩት ግን በዱርም ብትሆን ቀኑን ጉድጓድና ቁጥቋጦ ሥር ነው የምታሳልፈው፤ እዚያ አፈሩ እርጥብ ነው።

ዲሴምበር 20

ገና ሳይታረም ሌላ መጣ። ክክን ስመዝን የሆዷ ቅርፊት በአውራ ጣቴ ሥር ስምጥ አለ። እንደ አሮጌ ፕላስቲክ ገብቶ ተመለሰ። የጫጩት ቅርፊት ትንሽ መለስለሱ ያለ ነው፣ የሦስት ወሯ ግን እየጠነከረ መሄድ ነበረበት። ምስርን ነካሁ፣ ጠንካራ። ሽሮና ቅንጬ ድንጋይ ናቸው፣ ጉብታቸውን ይዘው።

የተሳቢ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድን። ራጅ ተነሳች። አጥንቷ ከዙሪያው ሥጋ እምብዛም አይለይም፤ ቅርፊቷ መድመቅ ሲገባው ግራጫ ጥላ ነው። ሐኪሟ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ ምን ትበላለች? መብራቱ የት ነው?

መብራቱ ከመስታወቱ በላይ ነው አልኩ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ዩቪቢውን ግን ያስቀረዋል። ያ ጨረር ከሌለ ቆዳዋ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፣ ቫይታሚን ዲ ከሌለ የበላችው ካልሲየም አይገባም። ያው አንዱ መስታወት ጀርባቸውን አለስልሶ አጥንታቸውን አሳሳው።

ታዲያ ምስር እንዴት ተረፈች? ማታ ለየብቻ አበላኋቸው። ምስር ሰላጣውንም እንክብሉንም ጠራርጋ በላች፤ እንክብሉ ውስጥ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አለ። ክክ ሰላጣውን መርጣ እንክብሉን በእግሯ ረግጣ ሄደች። አብረው ስለሚበሉ ሁሌም ሳህኑ ባዶ ነው፣ ማን ምን እንደበላ አላየሁም። በአንዳንድ ጫጩት ይህን ያህል ድምዳሜ እንደማይያዝ አውቃለሁ። ግን የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። የክክ የሞላነት ቁጥር በዚያው ቀን 0.64 ነበር፤ ከአራቱ ሁለተኛ። በወረቀት ጤነኛ ነች። ውሃ ይሁን፣ አንጀት ውስጥ ያለ ሰላጣ፣ ስብ ወይስ አጥንት፣ ሚዛኑ ምንም አያውቅም። ላብራቶሪ ውስጥ የሰውነትን ይዘት የሚለዩት ሬሳውን አድርቀው ውሃውን፣ ስቡን በኬሚካል አውጥተው፣ የቀረውን አቃጥለው አመዱን በመመዘን ነው፤ አመዱ ማዕድኑ ነው። የልጄ ኤሊዎች ስለሆኑ ምድጃ አይታሰብም። ራጅና አውራ ጣት ይበቃኛል።

ጃንዋሪ 3

አዲስ ቤት ሠራሁ። ሁለት ትልልቅ የፕላስቲክ ሳጥኖች ከላይ በፕላስቲክ ላስቲክ የተሸፈኑ፣ መብራቱ ከሽፋኑ *ውስጥ*፣ በመሃሉ ምንም ነገር የለም። ወለሉ የራሰ የኮኮናት ቃጫ። ሁለቱም ጎን ለጎን፣ ከማሞቂያው ርቀው። እርጥበቱ 80 አካባቢ። አሁን ልዩነቱ በእውነት ምግቡ ብቻ ነው፤ ከዜሮ እንደ መጀመር ነው።

ለክክ ብቻ ደንቡን አፈረስኩ። በሐኪሟ ትእዛዝ ሰላጣዋ ላይ የካልሲየም ዱቄት ይነሰነሳል፣ ጎመንና በለስም ይጨመርላታል። ለጥናት ብዬ ልጅ አላጎድልም።

ጃንዋሪ 24

ክክ ሆዷ አሁንም ይሰምጣል፣ ትንሽ ግን። ቅንጬ ታሞ የነበረ ሰው እንደሚበላ መብላት ጀመረች።

ፌብሩዋሪ 28

ምስር 150፣ ክክ 118፣ ሽሮ 78፣ ቅንጬ 70።

ሽሮና ቅንጬ ላይ ደስ የሚል ነገር ይታያል። ከጃንዋሪ ወዲህ የበቀለው አዲሱ መስመር ጠፍጣፋ ነው። የድሮው ጉብታ አልጠፋም፣ አይጠፋምም፤ በዙሪያው ግን ለስላሳ ሜዳ እየሰፋ ነው። ክረምቱ የት እንዳለፈ ጀርባቸው ላይ ይነበባል።

የምስር እግር ግን አላማረኝም። ስትሰበሰብ ሥጋዋ በቅርፊቱ ዳር ተርፎ ይወጣል፣ ጠባብ ጫማ የገባ እግር ይመስል። ባለቤቴ "ጎሽ፣ ወፈረችልህ" አለች። ስብ ነው ብዬ ጠርጥሬ እንክብሉን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ዝቅ አደረግኩ። ይህም ደንብ ማፍረስ ነው፣ መዝግቤዋለሁ።

ኤፕሪል 18

ቀን ቀን ጓሮ። እውነተኛ ፀሐይ። አጥሩን እስከ መሬት ውስጥ አስገባሁት። እዚህ በረሃ ውስጥ የራሱ የአገሩ ኤሊ አለ፣ ከ1990 ጀምሮ በሕግ የሚጠበቅ፤ የእኔዎቹ አምልጠው በሽታ ቢያስተላልፉበት ይቅር የማይባል ጥፋት ነው። ሱልካታ የሰለቻቸው ሰዎች በረሃ ወስደው እንደሚጥሉ ስሰማ ያመኛል።

የክክን ሆድ ነካሁ። ጠንካራ። ልጄን ጠርቼ አስነካኋት፣ እሷም ሁለቴ ነካች።

ሜይ 30

የመጨረሻው እሑድ ምዘና፦ ምስር 236 ግራም፣ ክክ 190፣ ሽሮ 121፣ ቅንጬ 109። ምስር 9.6 በ7.8 በ5.0፤ ቁጥሯ 0.63። ሽሮ 7.6 በ6.2 በ4.4፤ 0.58።

ከጃንዋሪ ወዲህ ያለውን ብቻ እቆጥራለሁ፤ ከዚያ በፊት ያለው የክዳን ታሪክ ነው። ምግቡ የወሰነው ፍጥነቱን ነው፦ በሰላጣና በእንክብል ያደገችው ምስር ሣር በሊታዋን ሽሮን እጥፍ ልታህል ነው። ጉብታ በአዲሱ እድገት በአራቱም ላይ የለም፣ ፕሮቲኑ ቢበዛም ቢያንስም። ለጥንካሬ ከሆነ የሽሮንና የቅንጬን ቅርፊት እመርጣለሁ። ስትይዛቸው በትንሽነታቸው የማይጠበቅ ክብደት አላቸው፤ ቁጥሩ ግን ይህን አይለውም። እጄ ነው የሚለው፣ እጅ ደግሞ መረጃ አይደለም።

ጎረቤቴ መጥቶ ምስርን አነሳ። "ይቺ ናት ኤሊ!" አለ። ሽሮን አላያትም።

ጁን 6

ሳጥኖቹን አፈረስኩ። አራቱም ጓሮ አብረው ናቸው፣ ምግቡም አንድ ነው፦ ሣር፣ የጤፍ ድርቆሽ፣ በለስ፣ በሳምንት አንዴ ጎመን። ሰላጣ የለም። ሼፋችን ከረጢቱን ሳልወስድ ስወጣ "ሞቱ እንዴ?" አለኝ።

ምስር ድርቆሹ ፊት ቆማ ታየዋለች። ምግብ መሆኑን አታውቅም። ሽሮ ከሥሯ ገብታ ስትግጥ ትመለከታታለች፣ አንገቷን ትሰበስባለች፣ ሰላጣው ይመጣበት ወደነበረው ማዕዘን ሄዳ ትጠብቃለች።

ጁን 9

ምስር 229። ሦስተኛ ቀኗ ነው። ልጄ "አባዬ፣ ትንሽ ሰላጣ?" አለችኝ። ውሃ አጠጣናት እንጂ አልሰጠናትም።

ጁን 11

ዛሬ ጠዋት ከሽሮ አፍ የተንጠለጠለውን የጤፍ ሰበዝ በሌላኛው ጫፍ ነክሳ ጎተተች።